ለተሰበረ እግር መርፌ ልግዛ?

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከመልካ ጀብዱ በኩል የመጣ ነው። «የአራት ወር ግልገሌ ከካብ ላይ ወድቃ የፊት እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ አሰረላት። ሙቀቱን ፈርቼ ጓዳ ውስጥ አስሬ ፉርሽካ እሰጣታለሁ። ጎረቤቴ ግን የቫይታሚን ዲ መርፌ ካልተወጋች አጥንቷ አይገጥምም አለችኝ። ልግዛላት?»

እናቴ፣ ለጊዜው ገንዘብዎን ይያዙ። ጎረቤትዎ ከመሬት ተነስታ አላወራችም። ስብራት ሲድን መጀመሪያ ለስላሳ ሥጋ መሰል ነገር ይሞላዋል፤ ቀስ በቀስ ካልሲየምና ፎስፈረስ እየገባበት ይጠነክራል። ካልሲየሙን ከአንጀት ወደ ደም የሚያሻግረው ቫይታሚን ዲ ነው። እሱ ከሌለ የበላችው ካልሲየም አብዛኛው ከበጠጥ ጋር ይወጣል።

ግን ይህን ቫይታሚን ፀሐይ ሲያገኛት ቆዳዋ ራሱ ይሠራዋል። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ለማንም አይሰስትም! እርስዎ ጓዳ አስገብተው ከለከሏት እንጂ። ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ደጅ ያውጧት፤ ሲከር ጥላ ያስገቧት፤ ውኃ አይለያት። ዝም ብላ እንድትተኛ አጭር አድርገው ይሰሯት፤ ከሌሎቹ ጋር መዝለል የለም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ፉርሽካው ነው። ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ 10 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ አጥንት ግን የሚፈልገው ካልሲየሙ ቢያንስ እኩል እንዲሆን ነው። (ወንድ ብትሆን ኖሮ ፉርሽካ ብቻ ሽንቷን በጠጠር ሊዘጋባት ይችል ነበር።) ስለዚህ ይቀንሱትና አልፋልፋ፣ ሰስባንያ ወይም የግራር ቅጠል ያብዙላት። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከመኖ መሸጫ ካገኙ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይደባልቁበት። ግድግዳ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ ግን አደራ፣ አፏን ይልጠዋል። አሞሌም ካልሲየም አይሆንም፤ ጨው ጨው ነው።

መርፌው መቼ ነው ታዲያ? ለወራት ጨለማ ውስጥ የኖረ ወይም አጥንቱ የሚጎብጥ ጥጃና ግልገል ሲገጥም፣ ያውም የእንስሳት ሐኪም መጠኑን ለክቶ። ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ካልሲየሙ ኩላሊትና ልብ ላይ ይጋገራል። «ትንሽ ብጨምርላት ምን ይላታል» የሚባልበት መድኃኒት አይደለም።

ማሰሪያውን በየቀኑ ይዩት። ሰኮናዋ ከታች ብቅ ብሎ ይታይ። ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ ወይም መሽተት ከጀመረ ማሰሪያው አንቋታል፤ ዛሬውኑ ይፈታ። አጥንቱ ቆዳ በስቶ ወጥቶ ከነበረም ወጌሻ አይበቃም፤ ክሊኒክ ይውሰዷት።

በእሷ ዕድሜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃል። ሲፈቱት ጠንካራ እብጠት ይዳስሳሉ፤ አዲሱ አጥንት ነው፤ በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል። እስከዚያ ገበያ ከወሰዷት ግን ገዢው እሱን እያሳየ ዋጋ ይሰብርብዎታል። ሴት ናት፤ ለርቢ ያስቀሯት።