ወገብ ሲጎብጥ፦ በትንሽ ቀዳዳ ወይስ ተከፍቶ?

ደሴ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አከርካሪያቸውን ተሠርተው የተመለሱ ሰዎችን ዳግም ማራመድ የዘወትር ሥራዬ ነው። ቀዶ ሐኪም ግን አይደለሁም። «ስለ ወገብ ኦፕራሲዮን ያሻችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ከደሴም ከኮምቦልቻም ብዙ ጥያቄ መጣ። እነሆ መልሴ።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ)፦ እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ወገቧ ወደ ጎንም ወደ ፊትም ጎብጧል። አንዱ ሐኪም «በትንሽ ቀዳዳ ይሠራል» አለን፤ ሌላው «መከፈት አለበት» አለ። ማንን እንመን?

መልስ፦ እህቴ፣ የቁስሉን ርዝመት ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ እናትሽ ስትቆም ልብ ብለሽ ተመልከቻት። ጉልበቷን ሸብረክ ታደርጋለች? ወጥ ስታማስል በአንድ እጇ ትደገፋለች? ማታ ማታ «ጭኔ ዛለ» ትላለች? እንዲህ ከሆነ የሰውነቷ ሚዛን ሳይዛባ አይቀርም። ጤነኛ ወገብ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ያ ሲጠፋ ሰውነት ወደ ፊት ይደፋል። ላለመውደቅ ዳሌ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ጉልበት ይታጠፋል። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያደክመው ወደ ጎን መጣመሙ ሳይሆን ይሄ መደፋት ነው።

ይህ የሚለካው ቆማ በምትነሳው ረጅም ራጅ ነው፤ ከአንገት እስከ ዳሌ አንድ ላይ የሚያሳየው። ከአንገቷ ሥር ቀጥታ ወደ ታች መስመር ይሰመራል። መስመሩ ከዳሌ መሃል ካለው አጥንት የኋላ ጫፍ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ፊት ከራቀ ሚዛን ተዛብቷል ይባላል። ዕድሜ ሲገፋ ልኩ ትንሽ ይላላል። ይዛችሁ የዞራችሁት ኤምአርአይ ብቻ ከሆነ ግን ሐኪሞቹ ባይስማሙ አይገርመኝም። ኤምአርአይ ተኝቶ ነው የሚነሳው፤ ሲተኙ ብዙ ጉብጠት ይደበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ እዪ። በጀርባዋ ስትንጋለል ጭንቅላቷ ፍራሹን ይነካል? ወይስ ሁለት ትራስ ትፈልጋለች? ተኝታ የምትቃና ከሆነ ወገቧ ገና ይታዘዛል። በትንሽ ቀዳዳ የመሠራት ዕድሏም ይሰፋል። ተኝታም እንደጎበጠች ከቀረች አጥንቱ ደርቋል። የደረቀ አጥንት ካልተቆረጠ አይቃናም። ከአንድ አከርካሪ ላይ እንደ ሽብልቅ ተቆርጦ ሲወጣ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ይቃናል። ይህ በአብዛኛው ተከፍቶ የሚሠራ ከባድ ሥራ ነው።

የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመምረጫ መንገድም ሕመምተኛን በሦስት መደብ ነበር የከፈለው። ቀላሉ፣ መካከለኛው፣ ከባዱ። ሁለቱ መደቦች በትንሽ ቀዳዳ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ከባዱ ይከፈታል። እኔን የሚያሳዝነኝ ትልቅ ጉብጠት ይዘው «ቁስሉ ትንሽ ነው» ተብለው የተሠሩት ናቸው። ጠባሳቸው ያምራል፤ እነሱ ግን አሁንም እንደጎበጡ ነው። ከዚያ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይመጣል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በትንሽ ቀዳዳ ሲባል ምን ያደርጋሉ? ጉዳትስ የለውም?

መልስ፦ ጡንቻው ከአጥንቱ አይላቀቅም። አጥንቶቹን አቃንተው የሚይዙት ብሎኖችና ብረቶች በራጅ እየታዩ በትንንሽ ቀዳዳ ይገባሉ። አንዳንዴ በጎን በኩል ተገብቶ የዲስኩ ቦታ ላይ መደገፊያ ይቀመጣል። ደም ብዙ አይፈስም፣ ቁስሉ የማመርቀዝ ዕድሉ ያንሳል፣ ሰውየው ቶሎ ይነሳል። በጎን ሲገባ ግን ጭን ሊደነዝዝ ወይም ሊደክም ይችላል። በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃል። አብሽር፤ ግን ቀድመህ እወቀው።

ጥያቄ (ከቧንቧ ውሃ)፦ ልጄ፣ ዳገት ስወጣ ደህና ነኝ። ቁልቁለት ስወርድ እግሬ ይደነዝዛል። ለሰው ስናገር «የተገላቢጦሽ» እያለ ይስቅብኛል።

መልስ፦ አባባ፣ የተገላቢጦሽ አይደለም። የነርቭ ማለፊያው ሲጠብ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ዳገት ላይ ጎንበስ ሲሉ ማለፊያው ይሰፋል፤ ቁልቁለት ላይ ቀና ሲሉ ይጠብባል። የደሴ መንገድ ይህን ቶሎ ያጋልጣል። አንዳንድ ሰው የሚጎብጠውም ወገቡ ስለተበላሸ ሳይሆን ነርቩን ለማሳረፍ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነርቩን የተጫነውን ብቻ ቢያነሱለት በራሱ ሊቃና ይችላል። ስለዚህ ብረት ይግባ ከመባሉ በፊት «ጉብጠቴ ከየትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ብሎኑ ይወልቃል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ አጥንት ከሳሳ አዎ። የነቀዘ እንጨት ላይ ምስማር እንደመምታት ነው። በተለይ የወር አበባ ያቆሙ እናቶች አጥንታቸው ይለካ፤ ከሳሳ መድኃኒቱ ከኦፕራሲዮኑ ወራት በፊት ይጀመር። ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም፤ በብረት የተያዙት አጥንቶች እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያደርጋል። ካልተያያዙ ብረቱ አንድ ቀን ሊሰበር ይችላል። በትንሽ ቀዳዳም ተከፍቶም ቢሠራ ይህ ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ 28 ዓመቱ ነው። ጀርባው ላይ ጉብታ ወጣ። ማታ ያልበዋል፣ ከስቷል። የቱ ኦፕራሲዮን ይሻለዋል?

መልስ፦ ኦፕራሲዮኑን ተወው፤ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ውሰደው። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ አከርካሪን ከፊት በኩል ይበላና ጀርባን ያጎብጣል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፤ ለአከርካሪ ሲሆን ወራት ይወሰዳል። ብዙው ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል። እግሩ ከደከመ ወይም ሽንት ካስቸገረው ግን ነገም አትበል፤ ዛሬውኑ።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ እናታችን ረጅሙን ኦፕራሲዮን እስከ ዳሌ ልትሠራ ነው። ሶላቷን እንደ ድሮው መስገድ ትችላለች?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስላነሳችሁ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ከተሠራ በኋላ ነው። ብረቱ ከደረት እስከ ዳሌ ከሄደ ወገብ አይታጠፍም። ሱጁድ መውረድ፣ ለውዱእ እግር መታጠብ፣ ጫማ ማጥለቅ፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት፣ ረከቦት ሥር ዝቅ ብሎ ቡና ማፍላት፤ ሁሉም ይቸግራል። ለሚሰግድ ክርስቲያንም ያው ነው። ጥቂት አጥንት ብቻ ሲያያዝ ብዙው ይተርፋል። ስለዚህ ለሐኪሙ በቀን ምን ምን እንደምትሠራ ንገሩት፤ «ብረቱ አንድ አጥንት አጥሮ መቆም ይችላል ወይ?» በሉት። አይሆንም ካለ፣ ከመሄዷ በፊት ከፍ ያለ ወንበር አዘጋጁላት። ወንበር ላይ ሆና ትሰግዳለች። ለእግሯ መታጠቢያም እጀታው ረጅም የሆነ ጣሳ ፈልጉላት።