ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ልቧ ደከመ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር ከሐዋሳ ነኝ። እማዬ 64 ዓመቷ ነው፣ የኩላሊት ችግር አለባት፣ ትንፋሽ አጥሯት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ደሟን ውጪ ላብራቶሪ አድርሺ ተባልኩና ብልቃጡን በእጄ ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ፣ አቶቴ ጋር መንገድ ተዘጋግቶ ብዙ ቆየሁ። ኤንቲ ፕሮ ቢኤንፒ የሚባለው የልብ የደም ምርመራ 2400 መጣ። አንዱ ሐኪም ልቧ ነው አለኝ፣ ሌላው ሳንባ ምች ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ጀመረላት። ማንን ልመን? ደሙስ በእኔ ምክንያት ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ደሙን አላበላሸሽውም፣ ይሄኛው ምርመራ ለሰዓታት ቢቆይም ችግር የለውም፣ ቶሎ መሠራት ያለበት ከደም ቅዳ ቧንቧ (አርተሪ) የሚቀዳው የኦክስጅን ምርመራ ነው፣ እሱን በባጃጅ ላኩ ካሉሽ ግን እምቢ በያቸው።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ ይሄ ነገር ልብ ሲወጠር ከጡንቻው ወደ ደም የሚለቀቅ ነው። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ዝቅ ሲል ነው፤ ከ300 በታች ቢመጣ ድንገተኛ የልብ ድካም አይመስልም ብለን ፊታችንን ወደ ሳንባ እናዞር ነበር። ሲጨምር ነው የሚያስቸግረው። በእናትሽ ዕድሜ ከ900 በላይ ሲሆን ልብን እንጠረጥራለን፣ ከ75 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ 1800 ነው፣ ግን ኩላሊት ሲደክም በደንብ ስለማያስወጣው ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከባድ ኢንፌክሽንም ሳንባ ውስጥ የገባ የደም መርጋትም ከፍ ያደርጉታል፣ ስለዚህ 2400ን ብቻ አይቶ ልብ ነው ብሎ መደምደም እኔ አልስማማም።

ሁለቱም ሐኪሞች ልክ ሊሆኑም ይችላሉ እኮ! ሳንባ ምች የደከመ ልብን ያባብሳል። አንቲባዮቲኩን አታስቁሚ፣ አይሲዩ ለገባ ሰው ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ እስኪረጋገጥ አይጠበቅም። ፕሮካልሲቶኒን የሚባል ምርመራ ካገኙ፣ እየወረደ ሲመጣ መድኃኒቱን መቼ እናቁም ለሚለው ያግዛል።

አሁን የሚለየው የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የምንለው ነው፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች ይሠራላታል። አንቺ ደግሞ እቤት ሄደሽ የኩላሊት ክትትል ወረቀቶቿን ፈልጊ። ደህና በነበረችበት ጊዜ ይሄው ቁጥር ተሠርቶላት 2000 አካባቢ ከነበረ የዛሬው 2400 ብዙም አዲስ ነገር አይደለም፣ 400 ከነበረ ግን ዛሬውኑ ለሐኪሙ አሳዪው።