ልጃችንን «ገብረ መስቀል» ብንለውስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ወንድ ልጅ ተወልዶልን፣ ክርስትና የሚነሣበት አርባ ቀኑ እየደረሰ ነው። አባቴ በአባታቸው ስም «ገብረ መስቀል» ተብሎ እንዲጠራ ይፈልጋሉ። ባለቤቴ ግን «የሽማግሌ ስም ነው፤ እኩዮቹ ይስቁበታል» ብላ አልተቀበለችውም። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ሰው እንዴት የእንጨት አገልጋይ ይባላል?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። እንዲህ ያለው ስም የክርስትና ስለሆነ በአደባባይ አይጠራም የሚሉም አሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት! ልጁን በጥበብና በሞገስ ያሳድግላችሁ።

ከባልደረባህ ጥያቄ እንነሣ። ገብረ መስቀል በግእዝ «የመስቀል አገልጋይ»፣ ጠንከር ሲል «የመስቀል ባሪያ» ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የሮሜን መልእክት ሲጀምር ራሱን «የኢየሱስ ክርስቶስ ባሪያ» ይል የለም? ለገላትያ ሰዎች «ከጌታችን ከኢየሱስ ክርስቶስ መስቀል በቀር ሌላ ትምክህት ከእኔ ይራቅ» ብሎ የጻፈውም እርሱው ነው (ገላ. 6፥14)። ይህን አንብቦ ጳውሎስ በእንጨት ተመካ የሚል የለም፤ በተሰቀለው ጌታ ተመካ እንጂ። ስሙም በዚሁ መንገድ ይነበባል። «መስቀል ኃይልነ፣ መስቀል ጽንዕነ፣ መስቀል ቤዛነ፣ መስቀል መድኀኒተ ነፍስነ» ብለን ስንጸልይ የምናስበው ደሙን ያፈሰሰልንን ነው።

ይህን ስም እነማን እንደያዙት ደግሞ ተመልከት። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ካሌብ ዙፋኑን ትቶ ሲመንን በአክሱም የነገሠው ልጁ ገብረ መስቀል ነው። በትውፊታችን በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸ እርሱ ነው፤ ቅዱስ ያሬድም የዘመረው በእርሱ ዘመን ነው። ስንክሳሩ የሚተርከውን ሰምተህ ይሆናል። ያሬድ ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በጦሩ ተደግፎ ያዳምጣል። ዜማው ሁለቱንም ልባቸውን ወስዶት የጦሩ ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተተከለ። ደሙ ይፈስሳል፤ ዘማሪው ሕመሙ አልተሰማውም፣ ንጉሡም ያደረገውን አላወቀም። ዜማው ሲፈጸም ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ስለ ፈሰሰው ደም የፈለገውን እንዲለምነው ነገረው። ያሬድ የለመነው ወደ ምናኔ እንዲያሰናብተው ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ የያሬድን ተመስጦ ያነሣል፤ እኔን ግን የሚገርመኝ ንጉሡ ነው። ቃሉን ማጠፍ ስላልፈለገ እያዘነ የሚወደውን ዘማሪ ከአጠገቡ ለቀቀው።

ከዘመናት በኋላ ቅዱስ ላሊበላ ሲነግሥ ስመ መንግሥቱ ገብረ መስቀል ሆነ። ከዐለት ካስፈለፈላቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ መስቀል ይባላል። (በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ግን ቤተ ጊዮርጊስ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።) በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዓምደ ጽዮንም በዚሁ ስመ መንግሥት ነግሧል። የሽማግሌ ስም የተባለው የነገሥታት ስም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ባለቤትህ ያለችው ግን ከመሬት ተነሥታ አይደለም። ዛሬ በከተማ ለልጆች የሚወጡት በአብዛኛው አጫጭር ስሞች ናቸው፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ብሎ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ የምናገኘው በአባትና በአያት ስም ላይ ነው። በትግራይ ግን ገብረ መስቀል ዛሬም የሚጠሩበት ስም ነው። መስቀልን የያዙ ሌሎችም አሉ፤ ብርሃነ መስቀል፣ ኃይለ መስቀል፣ ለሴቶች ወለተ መስቀል። ልጆች እንደሆኑ በማንኛውም ስም ይስቃሉ፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ቤቱ የነገረው ልጅ አይሸማቀቅም።

የክርስትና ስም ይደበቅ የሚለው ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የመጣ አይደለም። ድግምተኛ ስሙን ካወቀ ይጎዳዋል ከሚል ፍርሃት የመጣ ነው፤ የተጠመቀ ሰው ደግሞ ስሙን ከድግምት የሚሸሽግበት ምክንያት የለውም። ካህኑ በጸሎትም፣ በጸበልም፣ በፍትሐትም የሚጠራን በዚህ ስም ነው። ሰው ሞቶ ለፍትሐት «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» ሲባል ቤተሰቡ እርስ በርሱ የሚተያይበት ጊዜ ብዙ ነው። ክርስትና አባቱም በሕይወት ከሌሉ የሚያውቅ ይጠፋል። መደበቅ ያመጣብን ጣጣ ይህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በብዙ ደብር ካህኑ ስሙን የሚያወጣው የዕለቱን በዓል አይቶ ስለሆነ፣ ሐሳባችሁን ከአርባኛው ቀን በፊት ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ወር በገባ በ10 መስቀል ይታሰባል፤ ጥምቀቱ በዚያ ቀን ቢውል ግሩም፣ ባይውልም ስሙን የሚከለክል ነገር የለም። ባለቤትህ በምንም መንገድ ካልተስማማች ልጁን በስም አታጣሉበት፤ ገብረ መስቀል የክርስትና ስሙ ይሁን፣ ለቤት መጠሪያ እርሷ የወደደችውን ታውጣለት። አባትህም የአባታቸውን ስም አጡ አይባልም። የእኔን ካልህ ግን ለሁለቱም ይኸው አንዱ ቢሆን እመርጣለሁ። ገብሬ ብላችሁ ብታቆላምጡት ችግር የለውም፤ ለቁርባን ሲቀርብ ግን ሙሉውን ይጥራ፣ ገብረ ብቻ ቢል የማን አገልጋይ እንደሆነ ሳይነገር ይቀራልና።

የልደት ምስክር ወረቀት ስታወጡም «ገብረመስቀል» ብላችሁ አንድ ላይ አስጽፉት። ተለያይቶ ከተጻፈ መዝጋቢው ገብረን የልጁ፣ መስቀልን የአባቱ ስም አድርጎት ቁጭ ይላል፤ ያን ማስተካከል ደግሞ ብዙ ያመላልሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።