ስለ ባህሪ መጠይቅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የባህሪ መጠይቅ እያዘጋጀን ነው። ባለሙያዎች 60 ጥያቄዎችን መርምረው አጽድቀዋል። አሁን በቀጥታ መረጃ ወደ መሰብሰብ ብንገባ ምን ችግር አለው?»

የባለሙያ ምርመራ የግድ ያስፈልጋል፤ ሆኖም መጠይቁን የሚሞሉት ወላጆች ናቸው። «ልጅዎ ስሜቱን መቆጣጠር ይከብደዋል?» ተብለው ሲጠየቁ አንዷ እናት ለቅሶን፣ ሌላዋ ራስን መምታትን አስበው ሁለቱም «አዎ» ሊሉ ይችላሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ሰው ሲናገር ያቋርጣል?» የሚለው ነው፤ ምንም ቃል የማይናገር ልጅ ወላጅ «በጭራሽ» ብለው ስለሚመልሱ፣ ልጁ የተሻለ ነጥብ ያገኛል! ስለዚህ አስቀድመው ከጥቂት ወላጆች ጋር በተናጠል ይቀመጡ፤ ጥያቄውን ካነበቡ በኋላ የተረዱትን በራሳቸው አነጋገር እንዲነግሩዎት ያድርጉ። «አይመለከተውም» የሚል ምርጫ ይጨምሩ፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» እንደሚለው ያለ የጊዜ ገደብም ያስቀምጡ።

«የክሮንባክ አልፋ ውጤታችን 0.96 ሆነ። መጠይቁ ተረጋገጠ ማለት ነው?»

ደስታዎን መቀነሴ ነው፤ ግን አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያስተዋወቁት ይህ ስሌት የሚያሳየው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚዛመዱ ብቻ ነው። 0.70 እንደ ዝቅተኛ ወሰን ሲወሰድ፣ ከ0.95 በላይ ሲሆን ግን አንዱን ነገር በተለያየ ቃል ደጋግሞ መጠየቅን ሊጠቁም ይችላል። መጠይቁ ሊለካ የታሰበውን ባህሪ በእርግጥ መለካቱን ለማወቅ፣ ነጥቡን ያላየ ባለሙያ ልጁን በአካል ተመልክቶ ከሚሰጠው ምዘና ጋር ማነጻጸር ይኖርብዎታል።

«የተተረጎመ መጠይቅ የመጀመሪያውን የመቁረጫ ነጥብ ይዞ መቀጠል ይችላል?»

እንዲሁ አይወሰድም። የመቁረጫ ነጥብ ማለት ልጁ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል የሚባልበት ወሰን ነው፤ ይህ ወሰን የተገኘው ከሌሎች ልጆች መረጃ ስለሆነ እንደገና መፈተሽ አለበት።

«ልጄ ከመቁረጫው በላይ ነጥብ አገኘ። መጠይቁ 90 በመቶ ትክክል ነው ብለውኛል። እንግዲህ ኦቲዝም የመኖሩ ዕድል 90 በመቶ ነው?»

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ከ1,000 ልጆች 10ሩ ኦቲዝም አለባቸው እንበል። መጠይቁ ካለባቸው 90 በመቶውን ቢለይ 9 ያገኛል፤ ከሌለባቸው 990 ልጆች መካከል 10 በመቶውን በስህተት ቢይዝ ደግሞ 99 ይጨምራል። በጠቅላላው ከተለዩት 108 ልጆች ኦቲዝም ያለባቸው 9 ብቻ ናቸው፤ ይህም 8 በመቶ ገደማ ነው። ከ16 እስከ 30 ወር ለሆናቸው ሕፃናት የተዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄው የኦቲዝም መለያ መጠይቅ ኤም-ቻት-አር (M-CHAT-R)፣ ከ3 እስከ 7 ነጥብ ሲመዘገብ ወላጅን በተከታይ ጥያቄዎች ዳግም የሚያነጋግረው ለዚህ ነው። ቢሆንም ውጤቱን ችላ አይበሉት፤ የልጅዎን ሙሉ ምርመራ ሳያዘገዩ ያስይዙ፣ የሞሉትንም ቅጽ ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ።