የመኪና ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ባለሙያው፦ ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር ጻፉ፦ የመኪናውን ዓይነትና ዘመን፣ ኤሲው ሲበራ የኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ፓምፕ) ክላች ጠቅ ብሎ መያዝ አለመያዙን፣ የግፊት ጌጅ ያለው ደግሞ ሰማያዊውም (ዝቅተኛው ግፊት) ቀዩም (ከፍተኛው ግፊት) የሚያሳዩትን። ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ።

ማራኪ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ኤሲዬ አልቀዘቅዝ አለ። ምን ላድርግ?

ባለሙያው፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ባለ ኮሮላ፦ ኮሮላ 2003። ክላቹ ጭራሽ አይዝም። ፊውዙ ደህና ነው። ጋዝ ላስሞላ?

ባለሙያው፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጋዙ ግን ይቆይ። መጀመሪያ ሪሌውን (ለክላቹ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን ስዊች) ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሌላ ሪሌ ጋር አቀያይረህ ሞክር። ካልሆነ ሞተሩም ኤሲውም በርተው ሳለ የክላቹ ሶኬት ላይ በቴስተር ለካ። 12 ቮልት እየደረሰው ካልያዘ ጥፋቱ የክላቹ ነው። ሞተሩን አጥፋና የኮይሉን ኦም ለካ፤ ከ3 እስከ 5 ኦም ገደማ መሆን አለበት። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። ኮይሉ ደህና ከሆነ በክላቹ ሰሌዳና በፑሊው መካከል ያለውን ክፍተት እይ፤ በብዙ የዴንሶ ኮምፕሬሰሮች ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊሜትር ነው። ሰሌዳው እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይሰፋል። ያኔ ጠዋት ይይዝና ሞተሩ ሲሞቅ ይለቃል፤ ኮይሉ ሲግል ማግኔቱ ይደክማላ። የመሃሉን ብሎን ፈትተህ ከውስጥ አንድ ስስ ሮንዴላ ስታወጣ ይስተካከላል፤ ኮምፕሬሰር መግዛት አያስፈልግም።

12 ቮልቱ ካልደረሰ ደግሞ የግፊት ስዊቹ ቆርጦት ሊሆን ይችላል። ጋዝ ሲያንስ የሚቆርጠው አውቆ ነው፦ የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ ያለ ጋዝ ከሠራ ተናክሶ ይቆማል። ስዊቹን በሽቦ አገናኝታችሁ አታስገድዱት።

ባለ ሃይሉክስ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሁለቱም ጌጆች 70 ያሳያሉ። ጋዙ ሙሉ ነው ማለት ነው?

ባለሙያው፦ አይደለም። በ20 ዲግሪ ሙቀት አር 134ኤ (የኤሲው ጋዝ) ጎንደር ላይ 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ያሳያል። ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግማሽ ኪሎም ይኑር 100 ግራም ያው 70 ነው። በሮቹን ክፈት፣ የውስጡን ማራገቢያ መጨረሻ ላይ አድርግ፣ ሞተሩን 1500 ዙር ላይ ይዘህ አንብብ። በ25 እና በ30 ዲግሪ መካከል ሰማያዊው ከ25 እስከ 40፣ ቀዩ ከ150 እስከ 230 ቢሆን ጤነኛ ነው። ሁለቱም ካነሱ ጋዝ አንሷል፤ የሚያፈሰውን ፈልግ። ሁለቱም ከበዙ ወይ ጋዝ በዝቷል፣ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ኮንደንሰሩ (ከፊት ያለው፣ የጋዙን ሙቀት የሚያወጣው) አይተነፍስም። ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ካለ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። ሰማያዊው ከዜሮ በታች ከወረደ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ) ተደፍኗል፣ ወይም ውኃ ገብቶ እዚያ ላይ በረዶ ሠርቷል።

የመተማ መስመር፦ ሃይስ ነው፣ ክላቹ ይይዛል። ገንዳ ውኃ ከተማ ላይ ስቆም ሞቃት አየር ይወጣል፤ መንዳት ስጀምር ይመለሳል።

ባለሙያው፦ የኮንደንሰሩ ቬንትሌተር (ማራገቢያ) ነው። ኤሲ ስታበራ መዞሩን እይ። ኮንደንሰሩን ደግሞ ቀስ ባለ ውኃ እጠበው፤ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል።

አራዳ፦ እኔ የምለው፣ ለጎንደር አየር ኤሲ ምን ያደርጋል? መስኮት መክፈት አይበቃም? ነዳጅ መጨረስ ነው።

የመተማ መስመር፦ ወንድሜ፣ አንተ ከአዘዞ ወዲያ ወርደህ አታውቅም። ሚያዝያ ላይ መተማ መስኮት ብትከፍት የሚገባው እሳት ነው።

አራዳ፦ ለቆላ አልተከራከርኩም፣ ለከተማው ነው ያልኩት።

ባለሙያው፦ እዚህ ላይ ይብቃ። አራዳ ያለው ግን ብዙ ኤሲ የሚበላሽበት ምክንያት ነው። ደጋ ነው ተብሎ ኤሲው ክረምቱን ሙሉ ሳይከፈት ሲከርም የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማኅተም ዘይት አጥቶ ይደርቃል፣ ጋዙም በዚያ ይወጣል። በሳምንት 10 ደቂቃ አብሩት። በዝናብ ጊዜ የመስታወት ጉምም ያጠፋላችኋል።

አዘዞ፦ ቪትዝ 2005። ኮንደንሰር ቀይሬ ቫኪዩም እየሳብኩ ነው (ውስጡን አየርና እርጥበት በፓምፕ)። ጌጁ 23 ኢንች ላይ ቆመ፣ መመሪያው 29 ይላል።

ባለ ሃይሉክስ፦ ፓምፑ ደክሟል። 29 ካልገባ እርጥበቱ አይወጣም፤ ሌላ ፓምፕ ተዋስ።

ባለሙያው፦ ፓምፑን አትንኩት! ጎንደር ላይ በዚህ ምክንያት ብዙ ደህና ፓምፕ ተጥሏል። መመሪያው የተጻፈው በባሕር ጠለል ለሚሠራ ሰው ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው፤ እዚህ 2100 ሜትር ገደማ ላይ የውጭው አየር ራሱ ወደ 23 ኢንች ብቻ ነው። 300 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 23 ማለት ባዶ ማለት ነው።

ባለ ሃይሉክስ፦ ታዲያ መተማ ላይ?

ባለሙያው፦ 27 አካባቢ። እዚያ 23 ላይ ከቆመ ያኔ ፓምፑን ወይም ቱቦውን ጠርጥር። አዘዞ፣ 23 ስለደረሰ አታቁም፤ እርጥበቱን የሚያወጣው ጊዜው ነው። 45 ደቂቃ ሳብ፣ ቫልቮቹን ዝጋ፣ ፓምፑን አጥፋ፣ 30 ደቂቃ ጠብቅ። መርፌው ያለማቋረጥ ከተመለሰ ያፈሳል፤ ጥቂት ተመልሶ ከቆመ እርጥበት ቀርቷል፣ ድገመው። ለአዲሱ ኮንደንሰር ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ፓግ 46 የኮምፕሬሰር ዘይት ጨምረህ ነበር? ኦሪንጎቹስ (የመጋጠሚያዎቹ የጎማ ቀለበቶች) ለኤሲ የተሠሩ ናቸው? የውኃ ቧንቧ ጎማ ያብጣል።

አዘዞ፦ ዘይቱን ጨምሬያለሁ፣ ኦሪንጎቹ አረንጓዴዎቹ ናቸው። ጋዙን በጌጅ እያየሁ ልሙላ?

ባለሙያው፦ በሚዛን! ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ግራም አንብብ፣ ጣሳውን ሚዛን ላይ ቀጥ አድርገህ አቁም፣ ከሰማያዊው በኩል ብቻ አስገባ። ሞተሩ እየሠራ ቀዩን ቫልቭ የከፈተ ሰው ጣሳው እጁ ላይ ይፈነዳል። መነጽርና ጓንት አድርግ፤ ፈሳሹ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነው፣ ዓይን ያጠፋል።

ማራኪ፦ ጋሼ፣ ያሪስ 2007 ነው፣ ክላቹ ይይዝና ይለቃል። አምና አስሞልቼ ነበር፣ አለቀ። ልድገመው?

ባለሙያው፦ አያልቅም ብያለሁ! መጋጠሚያዎቹን፣ የኮንደንሰሩን ታች፣ የመሙያ ቫልቮቹንና የኮምፕሬሰሩን ፊት እይ። አቧራ የያዘ የዘይት እድፍ ያለበት ቦታ እሱ ነው። ከዚያ የሳሙና አረፋ ቀባ። ጋዙ ጨርሶ ከወጣ በናይትሮጅን 150 ፒኤስአይ ሞልተህ ፈትሽ። የብየዳ ኦክስጅን በፍጹም፤ ኦክስጅንና ዘይት በግፊት ሲገናኙ ይፈነዳሉ።

አራዳ፦ ቡታጋዝ የሚሞሉ አሉ፣ ይቀዘቅዛል ይላሉ።

ባለሙያው፦ ይቀዘቅዛል። ኢቫፖሬተሩ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ያለው ግን ክሩስኮቱ ውስጥ ነው፤ ካፈሰሰ ልጆችህ የተቀመጡበት ክፍል ይሞላል፣ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። አታድርጉት።

ባለ ኮሮላ፦ ሃይብሪድስ?

ባለሙያው፦ ብርቱካናማ ገመድ (ከፍተኛ ቮልት ያለው) ያለበትን ቤት ውስጥ አትንኩ። ዘይቱም ሌላ ነው።

አራዳ፦ የመጨረሻ። ከመኪናው ሥር ውኃ ይንጠባጠባል።

ባለሙያው፦ ጤነኛ ነው። ምንጣፉን ካረጠበ ግን ማፍሰሻ ቱቦው ተደፍኗል፤ ከሥር በኩል አየር ንፋበት።