ኪቦርድ ላይ ስሆን አላመልክም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጌታ ይባርክዎት። ቤተክርስቲያን ኪቦርድ እመታለሁ። ሰው ሁሉ እጁን አንስቶ እያለቀሰ ሲያመልክ እኔ ቀጣዩ ኮርድ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ምንድነው፣ አምልኮ መሪዋ ወደ የትኛው መዝሙር ልትገባ ነው እያልኩ ነው የማሳልፈው፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ባዶዬን የወጣሁ ይመስለኛል። በዛ ላይ ልምምድ ስናበዛ አንዳንድ ወንድሞች "ሙዚቃ አበዛችሁ፣ ቅባት (የመንፈስ ቅዱስ ኃይል) ካለ ልምምድ ምን ያደርጋል" ይሉናል። ልተወው ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትተወው። ይሄን አስቀድሜ ልበልህና ወደ ምክንያቱ እንሂድ። ስለ ጸሎትህና ስለ ኑሮህ አሁን አላነሳብህም፣ በዚህ ጉዳይ የሚጨነቅ ሰው እሱን አያጣውም። እኔን የሚያሳስበኝ ብዙ ወጣት ይዞት ሲመጣ ያየሁት ሃሳብ ነው፣ አንዳንዶቹ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ነበሩ በዚሁ ምክንያት መሣሪያቸውን ትተው ቀሩ። አምልኮ ማለት ዐይን ጨፍኖ ማልቀስ ነው፣ በእጅ የሚሠራው ደግሞ ሌላው ሰው እንዲያመልክ የሚደረግ የጓዳ ሥራ ነው የሚል ሃሳብ።

እስቲ 2ኛ ዜና መዋዕል 29ን አውጣና ረጋ ብለህ አንብበው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ተዘግቶ የነበረውን የእግዚአብሔር ቤት ከፍቶ አስነጽቶ፣ ሌዋውያኑን ጸናጽልና በገና መሰንቆም አስይዞ አቆማቸው፣ መሥዋዕቱ ሲጀመር መዝሙሩም አብሮ ተጀመረ። ቁጥር 28 ላይ ምን ይላል፣ ጉባኤው ይሰግዳል መዘምራኑ ይዘምራሉ መለከተኞቹ ይነፋሉ፣ ይሄ ሁሉ መሥዋዕቱ እስኪያልቅ ድረስ። አየህ፣ ሕዝቡ ተደፍቶ ሲሰግድ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። መለከት የሚነፋ ሰው ደሞ ተደፍቶ መንፋት አይችልም፣ ትንፋሹን መያዝ አለበት፣ ከጎኑ ካለው ጋር እኩል መግባት እኩል ማቆም አለበት፣ ሃሳቡ እዛው ላይ መሆን አለበት። ታዲያ ሕዝቡ አመለከ እነሱ አላመለኩም ልንል ነው? እዛ እንዲቆሙ ያደረጋቸው እኮ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፣ ቁጥር 25 ላይ ተጽፏል። የነሱ አምልኮ በዛች ሰዓት መለከቱን በደንብ መንፋት ነበር። ደሞ እዛ ላይ አላበቃም፣ ቁጥር 30 ላይ ሌዋውያኑም በደስታ ዘመሩ አጎንብሰውም ሰገዱ ይላል። የነሱም የመስገጃ ሰዓት መጣ።

ስለዚህ ቀጣዩን ኮርድ ስታስብ ከእግዚአብሔር ፊት ወጥተህ አይደለም፣ የቆምክበት ሥራ እሱ ነው። እንባ ከመጣ ይምጣ፣ ካልመጣ ግን እንባ ፍለጋ እጅህን አትበትን።

ወደ "ቅባት ይበቃል" ልምጣ፣ እዚህ ጋ ጠንከር ማለት አለብኝ። 1ኛ ዜና መዋዕል 25 የአሳፍን የኤማንን የኤዶታምን ልጆች ሲያነሳ በበገናና በመሰንቆ በጸናጽልም ትንቢት የሚናገሩ ይላቸዋል። ከዚህ በላይ መንፈሳዊ ሙዚቀኛ የት ይገኛል? እዛው ምዕራፍ ላይ ግን የተማሩና የሚችሉ እንደነበሩ፣ ቁጥራቸውም 288 እንደሆነ፣ በ24 ክፍል ተመድበው ታናሽና ታላቅ አስተማሪና ተማሪ እኩል ዕጣ እንደተጣጣሉ ይናገራል። ትንቢቱና ትምህርቱ ባንድ ምዕራፍ ባንድ ሰው ላይ ነው ያለው፣ እኛ ነን የለያየነው። የሌዋውያን አለቃ ክናንያም ዜማ ያስተምር የነበረው ስለሚችል ነው ይላል (1ኛ ዜና 15፥22)። ዳዊትን ወደ ሳኦል ቤት ያስጠራው መጀመሪያ የተነገረለት ነገር መልካም አድርጎ በገና መምታቱ ነው፣ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር መሆኑም እዛው አረፍተ ነገር ውስጥ ተነግሯል።

ልምምድ ሲቀር ማን እንደሚጎዳ ደሞ አይቻለሁ። እሁድ ጠዋት ዘማሪዋ መዝሙሩን ለራሷ ድምፅ በሚመቻት ከፍታ ታነሳዋለች፣ ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ኪውን (እሷ ያነሳችበትን ከፍታ) እስኪያገኝ ትራንስፖዙን (የኪቦርዱን ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ) ወደ ላይ ወደ ታች ይጫናል፣ ድራመሩ አንድ ስታይል (ምት) ገብቷል ቤዝ ጊታሩ ሌላ፣ ከዛ አዝማቹ ላይ ሲደረስ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ድምፃቸው አልደርስ ይልና ዝም ይላሉ። ሳምንቱን ሙሉ ያን መዝሙር ቤታቸው ሲያንጎራጉሩት የነበሩ እናቶች! ቅዳሜ ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጦ "ይሄን አንድ ድምፅ ብናወርደው ሕዝቡ ይዘምረዋል" ብሎ መወሰን ሥጋዊነት ነው ወይስ ፍቅር? እኔ ፍቅር ነው የምለው። ጳውሎስ በመንፈስ እዘምራለሁ በአእምሮም ደግሞ እዘምራለሁ ያለበት ምዕራፍ (1ኛ ቆሮ 14) ከዳር እስከ ዳር ሌላው ሰው ይታነጽ ነው የሚለው።

ወንድሞችህ የሚፈሩት ነገር ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። እግዚአብሔር በአሞጽ አፍ የዝማሬህን ጩኸት ከእኔ ዘንድ አርቅ፣ የበገናህንም ዜማ አልሰማም ብሏል (5፥23)። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ግን አንብብ፣ የጠየቀው ፍርድና ጽድቅ ነው። ዜማቸው ስለተለማመዱት አልተጠላም፣ ድሀውን እየረገጡ ስለዘመሩ ነው። ስለዚህ ራስህን መመርመር ስትፈልግ እዚህ ጋ መርምር፣ ከባንዱ ልጆች ጋር ተኳርፈህ ነው ወይ መድረክ የምትወጣው፣ ሌላው ልጅ ሲመታ ደስ ይልሃል ወይ።

መሪዎችም ይሄን ካነበቡ አንድ ነገር ልበል። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሶ ሲመጣ መዘምራኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው ወደየእርሻቸው ሸሽተው አገኘና የተቆጣው ሹማምንቱን ነው (13፥10-11)። ሚክሰርና ስፒከር ሲገዛ እሰየው፣ ግን ከሥራ ወጥቶ ማታ ለልምምድ የሚመጣው ልጅ የታክሲ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል።

አንተ ቅዳሜ ልምምድህ ላይ ተገኝ። "ቅባት ይበቃል" የሚሉህን ወንድሞች አትከራከራቸው፣ መጥተው ከጎናችሁ ቆመው እንዲጸልዩ ጋብዛቸው። ሁለተኛ፣ ኪቦርድ እየተማረ ያለ ታናሽ ልጅ ፈልግና በወር አንድ እሁድ ለሱ ልቀቅለት፣ ያን ቀን ከሕዝቡ መሃል ግባና እጅህን አንሳ። መጀመሪያ ላይ ኮርድ ሊስት ይችላል፣ ዞር ብለህ አትየው።