ክኒን የሚውጥ ሰው እምነት ጎድሎታል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባል የአንጀት ሕመም አለብኝ። ደሙም ቁርጠቱም ቆሞልኝ ነበር። ሰዎች «እግዚአብሔር ፈውሶሻል፣ ከእንግዲህ ክኒን መዋጥ መጠራጠር ነው» ሲሉኝ መድኃኒቱን ተውኩት። ከወራት በኋላ አገረሸብኝ። እምነቴ ጎድሎ ይሆን? በቅዳሴ መካከል ደጋግሜ ስለምወጣም እየተሳቀቅኩ መቅረት ጀምሬያለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እምነትሽ ጎድሎ አይደለም። ሕመሙ መድኃኒት ሲቋረጥ የሚያገረሽ ዓይነት ስለሆነ ነው።

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስኳር ያለበትም፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም ይጠይቀኛል። ሁሉም የተፈወሰ ሰው ክኒን የማይነካ ይመስላቸዋል። በአንቺ ሕመም የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ትልቅ አንጀት ያቆስላል። ዝም የሚልበት ጊዜ አለ፣ የሚነሣበትም ጊዜ አለ። ሐኪም «ደህና ብትሆኚም ዋጪ» የሚልሽ ዝም ያለው እንዳይነሣ ነው። አንጀቱ ለዓመታት እንደተቆጣ ከቆየ ደግሞ ለካንሰር ያጋልጣል። ታዲያ ደህና የነበርሽባቸው ወራት የማን ስጦታ ነበሩ? የእግዚአብሔር ነዋ! በክኒን በኩል ስለመጣ ስጦታነቱ አይቀንስም። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እርሱ እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ሲራክ ጽፎልናል (ሲራ. 38፥4)።

ቅዱስ ጳውሎስን እዪው። ከአካሉ የተወሰደ ጨርቅ ሕሙማንን ይፈውስ ነበር (ሐዋ. 19፥12)። ልጁ ጢሞቴዎስ ሆዱን ሲታመም ግን ጨርቅ አልላከለትም። ስለ ሆድህ ጥቂት ወይን ጠጅ ጠጣ አለው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። እስቲ ንገሪኝ፣ ጳውሎስ እምነት አንሶት ነው? (ይህን ጥቅስ ለመጠጥ ሰበብ የሚያደርግ አይጠፋም። ለአንቺ ሕመም ወይን መድኃኒት አይደለም።)

«ተዪው» ያሉሽ ሰዎች ክፋት አስበው ላይሆን ይችላል። ግን የሚደማው የእነርሱ አንጀት አይደለም። ሰይጣንም ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው ጥቅስ ጠቅሶ ነበር። መልሱ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ሆነ (ማቴ. 4፥7)። ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ። አይጣሉም።

ከቅዳሴ አትቅሪ። በር አጠገብ ቁሚ። ሲያስቸግርሽ ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ስትመለሺ ጸሎቱን ከደረሰበት ያዢ። የሚገላምጥሽ ካለ ዕዳው የራሱ ነው። 12 ዓመት ደም የፈሰሳትን ሴት ጌታ «ልጄ ሆይ» ነው ያላት (ማር. 5፥34)። ስለ ጾምና ስለ ቁርባን ንስሐ አባትሽን አማክሪ። አፍረሽ አትደብቂ፣ ደሙንም ጭምር ንገሪያቸው።

አሁን ሐኪምሽ ጋ ሂጂና ማቆምሽን ንገሪው። ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። የተረፈውን ክኒን በራስሽ አትጀምሪ፣ ሲያገረሽ መጠኑም ዓይነቱም ሊለወጥ ይችላል። ስቴሮይድ የሚባለውን የአንጀት ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ካዘዘልሽ፣ ተሻለኝ ብለሽ ድንገት አታቋርጪው፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ትኩሳት ከመጣ፣ ደሙ ከበዛ ወይም ሆድሽ ከተነፋ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። ያኔውኑ ሆስፒታል ሂጂ።